ስምንት ወር ከዲጄ ኮንትሮለር ጋር፦ ሲንክ የምትባለው ቁልፍና ችክችካ

ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ዘፈን ከዘፈን የሚያቀላቅለውን እቃ፣ የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ያገለገለ ይዞ ነበር። ለገሃር አካባቢ አንድ ካፌ ተገናኘን፣ ላፕቶፔ ላይ ሰክተን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከርን። ከሁለት ወር ደሞዜ ትንሽ የሚበልጥ ብር ከፈልኩና በጥቁር ፌስታል ይዤው ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ። ባለሁለት ደክ (በየደኩ አንድ ዘፈን ይጫናል)፣ የጀማሪ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ነው። ብራንዱን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። ደግሞም በዚህ ደረጃ ያሉት አሠራራቸው ያው ነው፦ ዘፈኑን በጣት የምትይዝበትና የምትገፋበት ሁለት ክብ ጆግ፣ መሀል ላይ ድምፆቹን የሚያቀላቅል ሚክሰር፣ በየደኩ የፍጥነት ማንሸራተቻ፣ ሲንክ የምትባል ትንሽ ቁልፍ።

ብዙ የማወራው ስለዚች ቁልፍ ነው።

ዘፈን ስትጭን ላፕቶፑ ላይ ያለው የዲጄ ፕሮግራም ይተነትነዋል። በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው ይጽፍና ምቶቹ ላይ መስመር ያሰምራል። ሲንክን ስትጫን የአንዱ ዘፈን መስመር ከሌላው ጋር ይገጥማል። የመጀመሪያውን ሳምንት የደቡብ አፍሪካውን አማፒያኖ በአማፒያኖ፣ የዳንስ ቤቱን ሃውስ በሃውስ እየቀጠልኩ፣ በቃ ዲጄ ሆንኩ ብዬ ነበር። እነዚህ ሙዚቃዎች ኮምፒውተር ላይ የተሠሩ ናቸው። በ112 ከጀመሩ በ112 ይጨርሳሉ፣ የሚቆጠሩትም አራት አራት ነው።

ከዚያ የአባቴን ዘመን ዘፈኖች ጫንኩ። አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሸክላ የወጡትን ዓይነት። ሲንክን ተጫንኩ። የመጣው ድምፅ ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጥና ዘነዘናው ሲጋጭ የሚሰማው ነው።

እቃው ተበላሽቶ መስሎኝ ሁለት ቀን ኬብል ስነቅል ስሰካ ከረምኩ። ችግሩ ሌላ ነበር። ችክችካ የሚቆጠረው በሦስት ነው፣ ስድስት ስምንተኛ የሚሉት። አንድ ዘፈን በእግሬ ስቆጥረው በደቂቃ 120 ሆነ። ፕሮግራሙ ግን 90 ብሎታል። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። በእያንዳንዱ የእግር ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ፣ ባጠቃላይ 360። በሦስት ስትከፍለው 120፣ በአራት ስትከፍለው 90። ፕሮግራሙ በአራት መቁጠር ነው የለመደው!

ይሄ ብቻ ቢሆን በእጅ ይስተካከላል። ግን በዚያን ጊዜ ባንዱ በአንድነት እየተጫወተ ነው የሚቀዳው፣ ከበሮውን የሚመታው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይሞቀዋል። በ118 የጀመረው ዘፈን ሳክስፎኑ ሲገባ 120 ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ 123። አንዳንድ ፕሮግራም እንዲህ የሚዋዥቀውን እየተከተለ የሚተነትንበት ምርጫ አለው፣ ይረዳል። ሦስቱን አራት ብሎ ከቆጠረው ግን ስህተቱን ነው በጥንቃቄ የሚከተልልህ።

ስለዚህ ሲንክን ትቼ በጆሮዬ ጀመርኩ። ሄድፎኑን አንድ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ለስፒከሩ። ሁለተኛውን ዘፈን ምቱ ላይ ትለቀዋለህ። ከቀደመ ጆጉን በጣትህ ትንሽ ትይዘዋለህ፣ ከዘገየ ትገፋዋለህ። በተደጋጋሚ የሚዘገይ ከሆነ የፍጥነት ማንሸራተቻውን የጥፍር ውፍረት ያህል ታንቀሳቅሳለህ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። አከራዬ እማማ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ ምናለ አንዱን ዘፈን እንኳ እስከ መጨረሻው ብታሰማን?» አሉኝ። «ልምምድ ላይ ነኝ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። በማግስቱ ርካሿን ስፒከር ግድግዳው ላይ ከማስደገፍ ጠረጴዛ ላይ አወረድኳት።

ማንም ያልነገረኝ ሌላው ነገር ቤዝ ነው። ሁለት ዘፈን አብሮ ሲሄድ ሁለቱም ቤዛቸውን ከለቀቁ ድምፁ ይቦካል። አዲስ የሚገባውን ሎው (የቤዙን ማስተካከያ) ዘግተህ አስገባው፣ ከዚያ በአንድ ምት የአንዱን ዝጋ የሌላውን ክፈት። ቀይ መብራቱንም ተጠንቀቅ። እኔ ቀይ ሲበራ የደመቀ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ድምፁ ከልክ አልፎ እየተቆረጠና እየተበላሸ ነው።

እቃውን በተመለከተ፦ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው። መብራት ሲጠፋ ስፒከሩ ዝም ይላል፣ እኔ በሄድፎን እቀጥላለሁ። እማማ መብራት የሚጠፋበትን ቀን ሳይወዱት አልቀሩም። የዘፈኑ ቃና ሳይለወጥ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀይረው ቁልፍ እስከ 4 እና 5 በመቶ ደህና ነው። ከዚያ ስታልፍ ማሲንቆው ውሃ ውስጥ የገባ ያህል ይንቀጠቀጣል። ጆጎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ስክራች (ዘፈኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሹ ድምፅ ማውጣት) ለሚያምረው አይሆኑም። ግንቦት ላይ የግራው ቮልዩም መንሾካሾክ ጀመረ፣ አቧራ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ማጽጃ ነፋሁበት፣ ተሻለው። አሁን ነጠላ እያለበስኩት ነው የማሳድረው፣ የእናቴ አሮጌ ነጠላ ናት።

ፈተናዬ የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ ነበር። አርባ ደቂቃ ብቻ ሰጡኝ። ከአማርኛ ወደ ጉራግኛ ስሻገር ምቱን ልገጥም አልሞከርኩም። አንዱን ቀነስኩ፣ ጭብጨባውን ሰዎቹ ራሳቸው ይዘውት ነበርና ሌላውን በእነሱ ጭብጨባ ላይ ለቀቅኩት። ያለ ሄድፎን የሠራሁት ብቸኛው ሚክስ እሱ ነው፣ የተሳካውም እሱ። ሦስተኛው ሽግግር ላይ ግን የተሳሳተ ደክ አጠፋሁና አዳራሹ ጸጥ አለ። አጎቴ አሁንም ያነሳብኛል።

ሃውስ ብቻ የምታጫውት ከሆነ በሳምንት ትለምደዋለህ። ያገር ዘፈን ከሆነ ሐሳብህ፣ ከኮንትሮለሩ ገንዘብ ላይ ቀንሰህም ቢሆን ጥሩ ሄድፎን ግዛ። እኔ በተገላቢጦሽ አድርጌው ነው የተቀጣሁት።

ይሸጣል ወይ ብሎ የሚጨቀጭቀኝ አንድ ጓደኛ አለኝ። አይሸጥም። ኬብል ከሆነ ግን፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት ድንጋጤ የገዛኋቸው ሁለት ትርፍ አሉኝ።