ከቆጣሪ እስከ ቤት፦ መስመሩ በአየር ወይስ በመሬት ውስጥ?

አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማት የተሠራባቸው ጎዳናዎች ላይ የመብራት ሽቦ ከዓይን ጠፍቷል። ያንን ያየ ሰው ቤት ሲሠራ «የኔም በመሬት ይግባልኝ» ይላል። ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ግቢዎን ይዩት።

እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የመብራት ኃይል ጉዳይ ነው። እርስዎ የሚመርጡት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው፦ ከአጥር እስከ ዋናው ቤት፣ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ።

የአየር መስመር ርካሽ ነው። ቁፋሮ የለ፣ ቱቦ የለ። ሲበላሽም ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ጠላቶቹ ዛፍና ነፋስ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ባህር ዛፍ ካለ በየክረምቱ ቅርንጫፍ ማስቆረጥ የግድ ነው። ፀሐይ የሚችል ጥቁር ልባስ ያለው ኬብል ይግዙ። የቤት ውስጥ ሽቦ ውጭ ሲንጠለጠል ልባሱ ይሰነጠቃል።

የመሬቱ መስመር ያምራል፣ ነፋስም አይነካውም። ወጪው ግን ከአየሩ በብዙ ይበልጣል፣ አሠራሩም ቀልድ አይወድም። ጉድጓዱ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር፣ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ 80 ያህል ይጥለቅ። ከሥር አሸዋ፣ ከዚያ በብረት የተጠቀለለው አርመርድ ኬብል፣ እንደገና አሸዋ፣ ከዚያ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ፣ በመጨረሻ አፈር። ተራ ሽቦ ቱቦ ውስጥ ከትቶ ሊቀብርልዎ የሚመጣ ሠራተኛ አይጠፋም፤ በሰላም ያሰናብቱት።

ዋናው ጣጣ መጋጠሚያው ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሃል ላይ የተቀጠለ ኬብል ካለ ይጎትተዋል፣ ውሃም ያስገባበታል። የተበላሸውን ቦታ ለማግኘት ደግሞ ግቢውን ማረስ ነው። ስለዚህ አንድ ወጥ ኬብል ይግዙ። ጉድጓዱ ሳይደፈን ሜትር ዘርግተው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ የነገው ቧንቧ ሠራተኛ ዶማውን ሲያነሳ ያሳዩታል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ርቀቱ አጭር ሆኖ የግቢው ግንባታ ካለቀ መሬት ውስጥ ያስገቡት። ሰርቪሱ ገና ካልተሠራ ወይም መስመሩ ረጅም ከሆነ አየሩ ይሻላል።

በየትም ይሂድ፣ ውፍረቱ ላይ አይቆጥቡ። የእንጀራ ምጣድና ቦይለር አንድ ላይ ሲበሩ 25 አምፔር ያህል ይስባሉ። በ40 ሜትር ርቀት 4 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ከ220ው ቮልት 9 ያህሉን መንገድ ላይ ያስቀራል። 10 ሚሊሜትር ካሬ ከሆነ 4 እንኳ አይሞላም።