አሰልጣኝ፣ ሰዓት ወይስ ዳሽቦርድ? ትንፋሽ ይዞ ለሚጠልቅ ሰው የግዢ ንጽጽር

የፍሪዳይቪንግን የመጀመሪያ ኮርስ ጨርሶ ወደ 20 ሜትር የተጠጋ ሰው ሦስት ነገሮች ያጓጉታል፦ የላቀ ኮርስ፣ ደህና የመጥለቂያ ሰዓት፣ የተመዘገበውን መረጃ ወደ ግራፍ የሚለውጥ ሶፍትዌር፣ ማለትም ዳሽቦርድ። ሦስቱንም በአንዴ መግዛት የሚችል ይግዛ። ለማይችለው ግን የትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

ኮርሶቹን በተመለከተ አሰልጥነው የምስክር ወረቀት የሚሰጡት ድርጅቶች፣ አይዳ፣ ፓዲ፣ ኤስኤስአይ እና ሞልቻኖቭስ፣ ሲነጻጸሩ ብዙ ክርክር ይነሳል፤ ለእኔ ክርክሩ የተጋነነ ነው። የአይዳ ሦስተኛ ደረጃ እና የሞልቻኖቭስ ዌቭ 2 ሁለቱም ከ24 እስከ 30 ሜትር ይጠይቃሉ፤ የኤስኤስአይ ሁለተኛ ደረጃም እስከ 30 ሜትር ያስወርዳል። ፓዲ ግን «አድቫንስድ» ያለውን ከ20 እስከ 24 ሜትር ላይ ያቆመዋል። ስሙን ብቻ አይቶ የሚከፍል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከዚህ ውጭ ዋናው ልዩነት አሰልጣኙ ስለሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ተማሪዎች ተከትለውት በሚወርዱት አንድ ገመድ ላይ ስንት ሰው እንደሚይዝ ይጠይቁት።

የላቀ ኮርስ በዋናነት የሚሸጠው የጆሮን ግፊት የማመጣጠን ጥበብ ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ በውኃው ገጽ ላይ ካለው አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ 6 ሊትር አየር የያዘ ሳንባ ወደ 1.5 ሊትር ይጨመቃል። ከዚያ አየር ገፍቶ ወደ ጆሮ ማድረስ፣ በተለይ ራስን ቁልቁል ዘቅዝቆ፣ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አፍንጫን ይዞ ከደረት መግፋት፣ ማለትም ቫልሳልቫ፣ ለፍሬንዝል ቦታውን ይለቃል፤ በፍሬንዝል ምላስ እንደ ፒስተን ሆኖ አየሩን ይገፋል። ከዚያም በታች ጉንጭን አስቀድሞ በአየር ሞልቶ መውረድ፣ ማውዝፊል የሚሉት፣ ይመጣል። ፍሬንዝልን ቤት ተቀምጦ ከቪዲዮ መለማመድ ይቻላል፤ ለዚህ ክፍል የመስመር ላይ ኮርስ ዋጋውን ያወጣል። ራሱን የሳተ ጓደኛን ከውኃ ማውጣት ግን ከስክሪን አይለመድም።

ሰዓት ሲመርጡ ከቀለሙና ከስክሪኑ በፊት በስንት ሰከንድ አንዴ እንደሚመዘግብ ይዩ። በየ10 ሰከንዱ የሚመዘግብ ሰዓት የአንድ ደቂቃ ተኩል መጥለቅን ዘጠኝ ነጥብ ያደርገዋል፤ ከዘጠኝ ነጥብ ምንም አይነበብም። በየሰከንዱ የሚመዘግብ ይግዙ። አፕል ዎች አልትራ ጥልቀት የሚለካው እስከ 40 ሜትር ነው፤ ለዚህ ደረጃ ይበቃል፣ ከዚያ ለሚያልፍ አይሆንም። በእጅ አንጓ የሚለካ የልብ ምት ግን ከውኃ በታች ብዙም አያሳምን፤ ሰውነት ደሙን ከእጅና ከእግር ወደ መሃል ስለሚሰበስብ በብርሃን የሚለካው ዳሳሽ የሚያነበው ያጣል።

ወደ ሪፖርቱ፣ ማለትም ግራፉን ወደሚያወጣው ሶፍትዌር፣ ስንመጣ፣ ከሰዓቱ ጋር የሚመጣው መተግበሪያ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንዱን መጥለቅ በደንብ ሲያሳይ አርባውን ጎን ለጎን ማስተያየት ላይ ደካማ ነው። ሰብሰርፌስ የተባለው የመጥለቅ መዝገብ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2011 የጀመረው ሲሆን ከብዙ ዓይነት ሰዓቶች መረጃ ይቀበላል። መልኩ ግን በአየር ሲሊንደር ለሚጠልቁ የተሰፋ ልብስ ነው። የማይክሮሶፍት የሪፖርት ማውጫ ፕሮግራም የሆነው ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕም በነጻ ይወርዳል፤ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ መሆኑን ግን የማክ ተጠቃሚዎች ቀድመው ይወቁ። ጥቂት ደርዘን ጊዜ ለጠለቀ ሰው ኤክሴል ራሱ፣ መረጃን በሚያጠቃልለው ፒቮት ሠንጠረዥና በማጣሪያ አዝራር፣ ሥራውን ይሠራል።

እኔ የምመክረው ግራፍ አንድ ነው፦ አግድሙ ጥልቀት፣ ቁመቱ የመውረድ ፍጥነት። ጥሩ ቁልቁለት በሰከንድ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ በተደጋጋሚ 22 ሜትር ላይ በግማሽ የሚወድቅ ከሆነ ጆሮዎ እዚያ እያስቆመዎት ይሆናል። አሁን ማጣሪያውን ይጫኑና በመቅዘፊያ የወረዱትንና ገመድ እየሳቡ የወረዱትን ለየብቻ ይዩ። ውድቀቱ በመቅዘፊያው ብቻ ከታየ አንገትዎን አወጣጥረው ወይም ቸኩለው ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግራፉ አያውቅም፤ ከጎንዎ የሚወርደው አሰልጣኝ ግን አይቶታል። ለዚህ ነው የዚያን ቀን የእሱን አስተያየት የሚይዝ አንድ ዓምድ በእጅ መጨመር ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር የሚበልጥብኝ።

ሪፖርቱ የማያሳየው ሌላም አለ። ራስን መሳት የሚበዛው በመጨረሻዎቹ ሜትሮችና ከወጡ በኋላ ባሉት ሰከንዶች ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ በሳንባ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊትም አብሮ ስለሚወርድ። የጥልቀት መስመሩ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ፍጹም ያማረ ሊሆን ይችላል። ብቻውን የሚጠልቅ ሰው ዳሽቦርዱ ምንም ቢያምር ብቻውን ነው።

ስለዚህ ከኪስዎ መጀመሪያ የሚወጣው የኮርሱ ገንዘብ ይሁን፣ ቀጥሎ የሰዓቱ፤ ለሪፖርቱ ለጊዜው ምንም አይክፈሉ። ሰዓቱን ቀድመው ገዝተው ከሆነም ወደ ኮርሱ ይዘውት ይሂዱና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስመዝግቡ፤ አሰልጣኙም ማታ ግራፉን አብሮዎት እንዲያይ ከወዲሁ ይስማሙ።