ለድሬዳዋ አጭር ጉዞ የቱ መኪና? ፊልተር ያለው ናፍጣ፣ የድሮው ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ

ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ታይዋን፣ ከዚያ ልጆችን ከትምህርት ቤት ይዞ ወደ ቤት። የብዙ ድሬ ሰው የመኪና ውሎ ይሄ ነው። አንዱ ጉዞ ከ5 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በየመሃሉ ሞተሩ ይጠፋል፣ ይነሳል። መኪና ልትገዙ ስትወጡ ደላላው ስለ ሞዴሉ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ሊብሬው ይነግራችኋል። ናፍጣ ለሚፈልግ ሰው እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። መኪናው የጥቀርሻ ማጣሪያ አለው? ካለው፣ በእናንተ ውሎ ራሱን ማጽዳት ይችላል?

ማጣሪያው ጋራዥ ውስጥ ዲፒኤፍ ይባላል፣ ወይም በአጭሩ ፊልተር። ጭስ ማውጫው መስመር ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከቱርቦው አጠገብ የሚቀመጥ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ አለ። ቀዳዳዎቹ በተራ በተራ አንደኛው ጫፋቸው ተደፍኗል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ሰርጎ ያልፋል፣ ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል። ደህና የሆነ ፊልተር ከጥቀርሻው 95 በመቶውንና ከዚያ በላይ ያስቀራል። በብዛት ለሚሸጥ መኪና መጀመሪያ የገጠመው ፔጆ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000፣ 607 በተባለው ሞዴሉ ላይ። የሐረርን ታክሲዎች የምታውቁ ለፔጆ 404 እንግዳ አይደላችሁም፤ ፋብሪካው ያው ነው። በአውሮፓ ደግሞ ዩሮ 5 የተባለው የመኪና ጭስ ደንብ ከ2009 ጀምሮ ሲመጣ ያለ ፊልተር አዲስ ናፍጣ መኪና መሸጥ የማይታሰብ ሆነ።

የታመቀው ጥቀርሻ መቃጠል አለበት። ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። መኪናው ጭነት ይዞ ወይም ፈጠን ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሄድ ጭሱ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያኔ በፊልተሩና ከፊቱ ባለው ካታሊስት (ማቃጠሉን የሚያፋጥን ክፍል) እርዳታ ጥቀርሻው ቀስ በቀስ ራሱ ይቃጠላል። ይህ ካልበቃ የመኪናው ኮምፒውተር ጣልቃ ይገባል። ተጨማሪ ናፍጣ ይረጭና የፊልተሩን ሙቀት 600 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ሪጀነሬሽን የሚሉት ይህንን ነው። ሳይቋረጥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መንዳት ይፈልጋል።

የድሬ ችግር እዚህ ጋ ነው። ከሳቢያን ተነስቶ ከዚራ የደረሰ ሰው ሞተሩን ሲያጠፋ ማቃጠሉ ገና መጀመሩ ነው። ይቋረጣል። በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይቋረጣል። የተረጨው ናፍጣ ሁሉ አይቃጠልም፤ በብዙ መኪኖች ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያው ሳትጨምሩበት ከፍ እያለ ከመጣና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነው። ቱርቦውንና ሞተሩን የሚበላው ይሄ ነው፤ ከፊልተሩ በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

"የድሬ ሙቀት ያግዘዋል" ሲባል እሰማለሁ። ለሞተሩ እውነት ነው፤ ውሃውና ዘይቱ ከቀዝቃዛ አገር ይልቅ ቶሎ ይሞቃሉ። ለፊልተሩ ግን የውጭው ሙቀት 20 ሆነ 38 ለውጥ የለውም፤ እሱ የሚፈልገው 600 ነው። እንዲያውም ሙቀቱ በሌላ በኩል ይጎዳዋል። ቀትር ላይ መኪና አቁመን፣ ሞተር አስነስተን፣ ኤሲ ከፍተን እንቀመጣለን። ሰው እንጠብቃለን፣ ጫት እስኪመጣልን እንጠብቃለን። በሚኒሞ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ይሠራል፣ ጭሱ ግን ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት የለውም። ስለዚህ ቆሞ ያለፈው ግማሽ ሰዓት ለፊልተሩ ከአጭር ጉዞም የባሰ ነው።

ሐረር የምትመላለሱ ከሆነ

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2000 ሜትር አካባቢ ነው። ወደዚያ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት የያዘ መኪና ጭነት ላይ ነው፣ ጭሱም ይግላል፣ መንገዱም በቂ ደቂቃ ይሰጣል። ፊልተር የሚወደው እንዲህ ያለውን ጉዞ ነው። ወደ መልስ ስትመጡ ግን አትቁጠሩት። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ሞተሩ ናፍጣ መውሰድ ያቆማል፣ ጭስ ማውጫውም ይቀዘቅዛል። ማጽዳት የሚሠራው ስትወጡ ነው።

ስለዚህ ሐረማያ ወይም ሐረር ሥራ ያለው፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚወጣ ሰው ፊልተር ያለውን ናፍጣ ያለ ስጋት ሊገዛ ይችላል። በደወሌ መስመር ረጅም መንገድ የሚሄድም እንደዚያው። ለእነዚህ ሰዎች ዘመናዊው ናፍጣ ጉልበቱም ቁጠባውም ጥሩ ነው፣ ጭሱም ንጹህ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞር፣ መልካ ጀብዱ ደርሶ መመለስ ሩቅ ጉዞ ለሆነበት ሰው ግን አልመክርም። በወር አንዴ ቁልቢ ወይም ሐረር መውጣት ብዙ ጊዜ አይበቃውም፤ ፊልተሩ ቀኑን ጠብቆ አይሞላም።

የድሮው ናፍጣ

ፊልተር የሌለው፣ ለምሳሌ 2.5 ሊትሩ ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ወይም አምስት ኤል ሞተር ያለው ሃይሩፍ፣ ለአጭር ጉዞ ቻይ ነው። የሚዘጋ ፊልተር የለውም። መካኒኩ ያውቀዋል፣ ዕቃው ይገኛል። በዚህ ብቻ ካየነው ያሸንፋል።

ነገር ግን ጥቀርሻው የትም አልጠፋም። እየወጣ ነው። መጋላ ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ በር ላይ በተቀመጡ እናቶችና በሚጫወቱ ልጆች ፊት ነው የሚወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ጎራ መድቦታል። ይህን የምለው የድሮ ናፍጣ ያለውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። የምትገዙት ይህን ከሆነ ግን ኖዝሉንና ፖምፓውን በጊዜው አስፈትሹ፣ የአየር ማጣሪያውን ቀይሩ። ድሬ አቧራ ናት፤ አየር ያነሰው ናፍጣ ጥቁር ያጨሳል።

በዚሁ ምክንያት ፊልተር ያለውን መኪና ገዝቶ ውስጡን ማስቦርቦር ደህና መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። ብዙ ጋራዥ ይህንን በቀላሉ ያቀርብላችኋል። ከዚያ በኋላ መኪናው ከድሮው ናፍጣ የተሻለ ነገር አይኖረውም፣ ኮምፒውተሩም ካልተነካካ መብራት ማብራቱን አይተውም። ፊልተሩን የማትፈልጉት ከሆነ ከመጀመሪያው ሌላ መኪና ግዙ።

ቤንዚንና ኤሌክትሪክ

የቤንዚኑ ጉዳይ አጭር ነው። የተለመደው ቪትዝ ወይም ኮሮላ የጥቀርሻ ፊልተር የለውም፤ ጥቀርሻውም በጣም ትንሽ ነው። አጭር ጉዞ እሱንም ያደክመዋል፣ ዘይቱን ቶሎ መቀየር ነው መድኃኒቱ። ከ2018 ወዲህ ለአውሮፓ የተሠሩ አንዳንድ ቤንዚኖች የራሳቸው ፊልተር አላቸው፣ ግን የቤንዚን ጭስ የበለጠ ስለሚግል እንደ ናፍጣው አያስቸግርም። ጭነት የማትጭኑ፣ ዋጋ የሚያሳስባችሁ፣ ከከተማ የማትወጡ ከሆነ ቤንዚን ከናፍጣ ይሻላችኋል። የነዳጅ ሰልፉን ታውቁታላችሁ፤ እሱን እኔ ልፈታላችሁ አልችልም።

ኤሌክትሪክ ለዚህ ዓይነት ውሎ የተፈጠረ ነው እላለሁ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር የለ፣ ጥቀርሻ የለ፣ ቆሞ ኤሲ መክፈት ከባትሪው ጥቂት ይወስዳል እንጂ የሚዘጋው ነገር የለም። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ ገበያውም ወደዚያው እየሄደ ነው። ለድሬ ግን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ባትሪው የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ነው ወይስ በአየር ብቻ? እንደ ቀደምቶቹ ኒሳን ሊፎች ያለ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሌለው ባትሪ በሙቅ አገር ቶሎ ይደክማል። የቮልስዋገን አይዲ 4 እና ብዙዎቹ አዳዲሶቹ በፈሳሽ ይቀዘቅዛሉ። ዳገቱም አያስፈራችሁ። 2 ቶን መኪና ወደ ሐረማያ 800 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፣ መንገዱ የሚፈልገው ሌላ ነው። ስትወርዱ ግን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ናፍጣው የሚቀዘቅዝበት ያው ቁልቁለት ለኤሌክትሪኩ ነጻ ቻርጅ ነው። ቤታችሁ ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታ ከሌለ ግን አትቸኩሉ።

ፊልተር ያለውን ከመረጣችሁ

ሥራችሁ ፒክ አፕ ይፈልጋል፣ ያገኛችሁትም ፊልተር ያለው ነው እንበል። መጥፎ ምርጫ እንዳይሆን የሚያደርጉት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ጽዳት ላይ መሆኑን እወቁ፦ ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ የጋለ ብረት ይሸታል፣ መኪናውን ስታጠፉት ማራገቢያው ይቀጥላል። ድሬ ውስጥ ማራገቢያውን ሰው "ከሙቀቱ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ከሽታው ጋር ከመጣ ግን ከሙቀቱ ላይሆን ይችላል፣ ቢቻል አታጥፉት፤ ወደ መልካ ጀብዱ ወይም ወደ ደንገጎ ያዙት። በዚያ ሰዓት ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙት፤ ጭስ ማውጫው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ዘይቱ ደግሞ ያገኛችሁት ናፍጣ ዘይት መሆን የለበትም። ጥቀርሻ ይቃጠላል፤ ከዘይት የሚመጣ አመድ ግን በምንም ሙቀት አይቃጠልም። እዚያው ይከማቻል፣ ፊልተሩን ዕድሜውን የሚጨርሰውም እሱ ነው። ጣሳው ላይ ኤሲኢኤ ሲ2 ወይም ሲ3 የሚል፣ የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘውን አመድ አነስተኛ ዘይት ፈልጉ። ናፍጣውንም ከበርሜል አትቅዱ፤ ድኝ የበዛበት ነዳጅ ካታሊስቱን ያደክማል።

ቢጫው የፊልተር መብራት ሲበራ "አቦ፣ ምንም አይደለም፣ ዝም ብለህ ንዳው" የሚላችሁ አይጠፋም። ግማሹ ልክ ነው፤ መንዳት ነው፣ ግን ረጅም መንገድ ላይ። ከተማ ውስጥ እየዞሩ ችላ ካሉት መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል። ያኔ ጋራዥ በኮምፒውተር ማስቃጠል ይቻላል። ከዚያም ካለፈ ኮምፒውተሩ ራሱ እምቢ ይላል፤ ብዙ ጥቀርሻ አንዴ ሲቀጣጠል ሴራሚኩን ያቀልጣል። የቀረው ፈትቶ ማጠብ ወይም መቀየር ነው። አዲሱ ውስጡ ፕላቲኒየም ስላለ ዋጋው ይከብዳል።

ከመግዛታችሁ በፊት

የሞዴሉ ስም አይበቃም። ያው ሃይሉክስ ለአውሮፓ ሲሠራ ፊልተር ይኖረዋል፣ ለአፍሪካ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ የምታዩትን መኪና ራሱን ፈትሹ። ቁልፉን ስታዞሩ ከሌሎቹ መብራቶች ጋር ነጠብጣብ ያለበት የሳጥን ምልክት ብልጭ ካለ ፊልተር አለው። ከዚያ ጣታችሁን ጭስ ማውጫው ጫፍ ውስጥ አስገቡ። ደህና ፊልተር ያለው መኪና ጫፉ ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። ጣታችሁ በጥቀርሻ ከጠቆረ ወይ ሴራሚኩ ተሰንጥቋል፣ ወይ ውስጡ ተቦርቡሯል።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ያለው መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የጥቀርሻው መጠን፣ ከፊልተሩ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት፣ መጨረሻ የተጸዳው ከስንት ኪሎ ሜትር በፊት እንደሆነ ይነበባል። በጽዳትና በጽዳት መካከል ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ቢኖር ጥሩ ነው። በየጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሩ የሚሞክር መኪና ወይ ታፍኗል፣ ወይ የኢንጀክተር ችግር አለበት። ኮምፒውተሩ እንደተሰካ የደንገጎን ዳገት ይዛችሁ ውጡ፣ መካኒኩ ቁጥሩን ይከታተል። ዳገቱ ላይ የጥቀርሻው ቁጥር ካልወረደ፣ ወይም መኪናው ጉልበት ካነሰው፣ ወደ ዋጋ ክርክር አትግቡ፤ ቁልፉን መልሱና ሌላ ፈልጉ።