ዱካቲ ዴስሞሴዲቺ አርአር፦ የውድድር ሞተር ለአስፋልት
የጣሊያኑ የሞተር ሳይክል አምራች የዱካቲ ቡድን በ2003 እ.ኤ.አ. ሞቶጂፒ (ከፍተኛው የዓለም የሞተር ሳይክል ውድድር) ገባ፤ በዚያው ዓመት ተወዳዳሪው ሎሪስ ካፒሮሲ ካታሎኒያ ላይ የመጀመሪያውን ድል አስገኘለት። ለመንገድ የተሠራው ዴስሞሴዲቺ አርአር የተቀዳው ቡድኑ በ2006 ከተወዳደረበት ሞተር ሳይክል ነው፦ 989 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ የተመረተውም 1,500 ብቻ።

ውበቱ ያለው ቫልቮቹ፣ ማለትም አየርና ነዳጅ የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት የሲሊንደሩ በሮች ላይ ነው። በተለመዱ ሞተሮች ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ በከፍተኛ ዙር ይዘገያል፤ እዚህ ግን ቫልቩን የሚዘጋው ራሱን የቻለ የብረት ክንድ ስለሆነ ፍንክች አይልም። ሰርቪሱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ 16ቱም ቫልቮች የመክፈቻና የመዝጊያ ክፍተት ስላላቸው 32 ቦታ ይለካል።

ትልቁ ራስ ምታት የኋላ ጎማው ነው። 16 ኢንች ስለሆነ የተለመደው 17 አይገባለትም። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ጎማ አፈላልጉ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ባለአራት አሃዝ ቁጥርም አንብቡ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይነግሯችኋል።