ስቲል ኤም ኤስ 250 የሞተር መጋዝ በደጋ አገር፦ የአንድ ዛፍ ቆራጭ ግምገማ

ይህን መጋዝ የገዛሁት በ2012 ዓ.ም. መስከረም ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከክረምቱ ወራት በቀር በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ከእጄ አልተለየም። የምሠራው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ነው። ሥራዬ በቆርቆሮ ቤት ላይ ያዘነበለን ነጭ ባሕር ዛፍ ጣሪያ ሳይነካ ማውረድ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቆሞ የደረቀን ጽድ መቃብር ሳይሰብር መጣል፣ ነፋስ የሰነጠቀውን ቅርንጫፍ ማንሣት፣ ለአጣናና ለቋሚ የደረሰውንም ባሕር ዛፍ ጉቶው ዳግመኛ እንዲያቆጠቁጥ አድርጎ መቁረጥ ነው። በየቀበሌው ወጣቶች በዕቁብ ወይም በማኅበር ገንዘብ አዋጥተው ይህንኑ መጋዝ ለመግዛት ሲያስቡ ምክር ስለሚጠይቁኝ፣ የማውቀውን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንሁ። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር፦ መሬት ላይ ቆሞ ለሚቆርጥ ሰው ከዚህ የተሻለ መካከለኛ መጋዝ ይዤ አላውቅም፤ ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን የተሠራ ስላልሆነ ማንም ይዞት ሊወጣ አይገባም።

የሞተሩ ጉልበት 2.3 ኪሎዋት፣ የሲሊንደሩ ይዘት 45.4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ክብደቱ ሰንሰለቱና ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ሳይገጠሙለት፣ ቤንዚንም ሳይሞላበት 4.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እኔ የምጠቀመው 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ብረት ሲሆን፣ ለአጣና፣ ለወራጅ፣ ለቋሚ፣ እንዲሁም ለአብዛኛው የጓሮ ባሕር ዛፍ ከበቂ በላይ ነው። አያቶቻችን በተከሉት፣ አንድ ሰው አቅፎ በማይጨርሰው ግንድ ላይ ግን ሞተሩ ይደክማል፤ እንዲህ ዓይነት ዛፍ ዘወትር የሚያጋጥመው ሰው ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን መፈለግ አለበት።

በአጠቃቀም መመሪያው ውስጥ በጥቂት መስመር የታለፈ፣ ለእኛ ለደገኞች ግን ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየርንና ቤንዚንን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለወፍራም አየር እንደተስተካከለ እዚህ ሲነሣ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ በዚህም ምክንያት ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ መጋዙም ግንድ ውስጥ ሲገባ ያቃስታል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ማሽኑ ደካማ ነው» ይላል። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ አስቤ አዝኜ ነበር። መፍትሔው ኤች የሚል ፊደል የተጻፈበትን ቪቴ በካቻቢቴ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማዞር ነው፤ ቪቴው መቆሚያ አለው፣ ከዚያ ማስገደድ ግን ክልክል ነው። እርግጥ ነው፣ የሳሳ አየር የወሰደውን ጉልበት ማንም አይመልሰውም፤ ሆኖም ሞተሩ ጭሱን ትቶ ጥርት ባለ ድምፅ መሥራት ይጀምራል።

ከዚህ የሚከፋው አደጋ ግን የሚመጣው ወደ ቆላ ሲወረድ ነው። አንድ ጊዜ በጣርማ በር በኩል አድርጌ ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ ከቤት ጣሪያ ላይ የተንሰራፋ የዋንዛ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ተቀጠርሁ። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ቪቴውን ወደ ቦታው ሳልመልስ ሞተሩን ባስነሣው፣ ከወትሮው በቀጠነና በጮኸ ድምፅ መዞር ጀመረ፤ ይህ ማለት አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፣ ፒስተኑም ተፋፍቆ ይነክሳል። ድምፁን ለይቼ ወዲያው ስላጠፋሁት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ከመውረዴ በፊት የማስበው ስለ ዛፉ ሳይሆን ስለዚያች ቪቴ ነው።

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በሞላበት ማለዳ እንኳ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጎተታ ይነሣል። ብቸኛው ጥንቃቄ ሞተሩ የመጀመሪያውን ድምፅ አሰምቶ እንደ ጠፋ የአየር መዝጊያውን ወዲያው መክፈት ነው፤ ያን ያላደረገ ሰው ካንዴላውን በቤንዚን አርሶ ሲጎትት ይውላል።

ስለ ስለቱ ደግሞ በዝርዝር መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም በመጋዙ ላይ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው በእውነቱ የሰንሰለት ቅሬታ ነው። ስለታም ሰንሰለት ፍቅፋቂ ይተፋል፤ የደነዘዘው ግን ደቃቅ ሰጋቱራ ያደርጋል፣ ቆራጩም ሳይታወቀው በክንዱ መጫን ይጀምራል። ለዚህ ሰንሰለት የሚሆነው ሞረድ 4.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ሞረድ ሲሆን፣ የሚሞረድበትም ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። እኔ ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር እያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እሞርዳለሁ፤ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የቀኙና የግራው ጥርስ እኩል መሆን አለበት። በአንድ ወገን የተሞረደ ሰንሰለት ግንዱ ውስጥ ወደ አንድ ጎን እየጠመዘዘ ይሄዳል፤ በዚህም ጊዜ ዛፉን እንደ ማጠፊያ ሆኖ አቅጣጫ የሚያስይዘው፣ መሐል ላይ ሳይቆረጥ የሚቀረው ዕንጨት በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው በኩል ቀጭን ይሆናል። እንዲህ ያለ ዛፍ ወደታሰበለት አይወድቅም፤ ጣሪያ የሚሰበረው፣ አጥር የሚፈርሰውም በዚህ ነው። ያዘነበለውን ለመግፋት የምጠቀመው ሽብልቅ ከወይራ ዕንጨት የተጠረበ ነው፤ የብረት ሽብልቅ ሰንሰለቱ ከነካው ጥርሱን በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል።

ባሕር ዛፍ እንዲያቆጠቁጥ ጉቶው ከመሬት አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ፣ ልጡ ሳይላጥና ውኃ እንዳይቋጥር ጥቂት አዘንብሎ መቆረጥ ይኖርበታል። ይህ መጋዝ እንዲህ ያለውን ቁርጥ እንደ ምላጭ አጥርቶ ያወጣዋል። ነገር ግን ወደ መሬት በተጠጋን መጠን በልጡ ላይ የተለጠፈው ጭቃና ጠጠር ስለቱን ይበላዋል፤ ስለዚህ አስቀድሜ የግንዱን ግርጌ በምሳር ጠርቤ አጸዳለሁ። ይህን የማያደርግ ሰው በቀን ሁለት ሰንሰለት ቢያደነዝዝ ማሽኑን ሊወቅስ አይገባውም።

ቤንዚኑ ከዘይት ጋር የሚደባለቀው 50 ለ1 ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ማለት ነው። በዓይን ግምት መደባለቅ የብዙ መጋዞች ሞት ስለሆነ፣ የመድኃኒት መስጫ መርፌ ገዝቶ በእርሱ መለካት ይበጃል። የተደባለቀ ቤንዚን ከ30 ቀን በላይ መቀመጥ የለበትም። በእኛ አካባቢ በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ማጻፍና መሰለፍ ስላለ፣ ሰው አንድ ጊዜ ሲያገኝ ሁሉንም ደባልቆ ማስቀመጥ ይቀናዋል፤ ንጹሑን ቤንዚን ለብቻው አኑሮ የሳምንቱን ብቻ መደባለቅ ይሻላል። ለሰንሰለቱ ማለስለሻም ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚጨምሩ አሉ። ይህ የዘይቱን ፓምፕ ይጎዳል፤ በየቀኑም በልብስና በቆዳ ላይ የሚረጨው መርዛማ ቆሻሻ ነው። አዲስ ዘይት ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን በዚህ ላይ መቆጠብ አይጠቅምም።

አሁን ዛፍ ላይ ስለመውጣት ልናገር። በገዛሁበት ዓመት አንድ የገጠር ደብር ውስጥ የደረቀ ጽድ ላይ ይህን መጋዝ ይዤ ወጣሁ። በአንድ እጄ ግንዱን ይዤ በሌላው ስቆርጥ፣ የመጋዙ ጫፍ ከኋላ የነበረ ያላየሁትን ቅርንጫፍ ነካና ወደ ፊቴ ተፈናጠረ። የሰንሰለቱ ፍሬን ወዲያው ያዘው፤ ሆኖም ከመቆሙ በፊት የታሰርሁበትን ገመድ እስከ ግማሹ በልቶት ነበር። ከታች ሆነው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ «ልጄ፣ ዛፉ ነገም አለ፤ አሁን ውረድ» አሉኝ። ወረድሁ። ያን ዕለት ሕይወቴን ያተረፈው ያ ፍሬን ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ማለዳ ሥራ ከመጀመሬ በፊት መያዙን እፈትሻለሁ።

ይህ መጋዝ የኋላ እጀታ ያለው፣ በሁለት እጅ ብቻ እንዲያዝ የተሠራ ነው። አምራቹ ስቲል ኩባንያ ለዛፍ ላይ ሥራ እጀታቸው ከላይ የሆነ፣ ቀለል ያሉ ሌሎች መጋዞችን ለብቻ ይሠራል፤ እነርሱም ቢሆኑ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ዛሬ ላይ የምወጣው በሁለት ገመድ ታስሬ፣ ቆልማማ የእጅ መጋዝ ብቻ ይዤ ነው። ቅርንጫፉን አስቀድሜ በገመድ አስሬ ከሥር፣ ቀጥሎም ከላይ እቆርጠዋለሁ፤ ታች ያለው ረዳቴ ገመዱን በሌላ ግንድ ላይ ጠምጥሞ ቀስ እያለ ያወርደዋል። የሞተሩ መጋዝ ተራው የሚደርሰው ቅርንጫፉ መሬት ሲነካ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ዛፍ ከሆነ ደግሞ መብራት ኃይል መጥቶ መስመሩን ሳያቋርጥ አልነካውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ እኔ በገዛሁበት ጊዜ ከአንድ ደኅና የእርሻ በሬ ዋጋ ጋር ይቀራረብ ነበር። ሲገዙ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቀለሙንና ጽሑፉን አስመስለው የተሠሩ ማሽኖች ገበያ ላይ አሉ። እኔ ራሴ ከአንድ መደብር «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ሰንሰለት በሦስተኛው ቀን ተበጥሶ፣ ሻጩም አልቀበልም ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ መለያ ቁጥሩን ሳላይ፣ ደረሰኝም ሳልይዝ አልገዛም።

ገንዘብ አዋጥተው ለሚገዙ ወጣቶች የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ከበጀታችሁ ለማሽኑ ብቻ አትመድቡ። ሁለት ትርፍ ሰንሰለት፣ ስድስት ክብ ሞረድ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የጆሮ መከላከያና የራስ ቁር አብራችሁ ግዙ፤ ድምፁ ወደ 100 ዴሲቤል ስለሚጠጋ ጆሮን ያለ መከላከያ ቀኑን ሙሉ ማዋል አይቻልም። ይህን ሁሉ ለመግዛት ገንዘቡ ካልበቃ፣ እስኪሞላ ድረስ በምሳርና በእጅ መጋዝ ሥሩ።