ከፊተኛው ፍሬን የተጀመረ ጉዞ፦ ብስክሌት ይዤ ወደ አዲስ አበባ

ላለፉት 16 ዓመታት የኖርኩት በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ ሊጉሪያ በምትባለው ክፍለ ሀገር ነው። ሊጉሪያ በባሕርና በተራራ መካከል የተጣበበች ቀጭን ምድር በመሆኗ፣ ማለዳ ከባሕሩ ዳር የተነሣ ብስክሌተኛ ቀትር ሳይሆን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ለባሕሩና ለተራራው እንደመጣ ይናገራል፤ እኔ ግን በእነዚህ ዓመታት ያስተዋልኩት፣ መንገደኛውን የሚያቆየው በየመንደሩ የሚያገኘው አገልግሎት መሆኑን ነው። በየአደባባዩ የሚጠጣ ውኃ አለ፤ ብስክሌት የሚጭን ባቡር አለ። በኦስፔዳሌቲና በሳን ሎሬንዞ አል ማሬ መካከል ያለው 24 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ በ2001 እ.ኤ.አ. በተዘጋ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ብስክሌት የሚያከራዩና የሚጠግኑ ቤቶች በአቅራቢያው ይገኛሉ። በጥር ወር እናቴን ልጠይቅ ለሦስት ሳምንት ስመጣ ብስክሌቴን ያመጣሁት ይህንኑ መለኪያ በልቤ ይዤ ነበር፤ አዲስ አበባ ባሕር ባይኖራትም፣ ተራራዋ ከከተማው መሀል ይጀምራልና።

ብስክሌቱን የላክሁት ፈታትቼ በካርቶን አሽጌ ነው። ቦሌ ስደርስ ካርቶኑ በአንድ ጎኑ ተቀድዶ፣ የፊተኛው ፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ከመያዣው ሥር ተቆርጦ አገኘሁት። ከአውሮፓ ያመጣኝ አየር መንገድ ላቀረብኩት የካሳ ጥያቄ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ መልስ አልሰጠኝም። በሻንጣ ክፍል ያስተናገደችኝ ወጣት ግን ሥራዋን የምታውቅ ነበረች፤ ካርቶኑን ከመክፈቴ በፊት ከአራቱም ጎን ፎቶ እንዳነሣ ነገረችኝና፣ «ከአዳራሹ ከወጡ በኋላ ማስረዳት ይከብድዎታል፤ ቅጹን እዚሁ ይሙሉት» አለችኝ። ብስክሌት የሚያመጣ ሰው ይህን ምክር እንዲይዝ እለምናለሁ።

ያረፍኩት በአራት ኪሎ አካባቢ በአንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ቀድሜ ቦታ የያዝኩበት ሆቴል ብስክሌት ወደ ክፍል አይገባም፣ ውጭ ከታሰረ ደግሞ ኃላፊነቱን አንወስድም በማለቱ ነበር የተዛወርኩት። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት በደረጃው ሥር ያለውን ዕቃ ቤት ባዶ አድርጋ ቁልፉን ሰጠችኝ፤ ዋጋም አልጨመረችም። ከክፍሉም ከቁርሱም ይልቅ ይህ ደረጃ ሥር ያለ ማዕዘን ነው ለእኔ የማረፊያው ዋና አገልግሎት የሆነው።

ፍሬን በሌለው ብስክሌት እንጦጦን ማሰብ አይቻልም። ጠጋኝ የት እንደማገኝ ስጠይቅ የማረፊያው ዘበኛ፣ «እትዬ፣ ጊዮርጊስ ጋ አንድ አባት አሉ፤ ለብስክሌት ከእሳቸው ሌላ አይሂዱ» አለኝ። አባት የተባሉት ሰው ቀድሞ ፒያሳ መሀል ይሠሩ የነበሩ ሲሆን፣ ሠፈሩ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሲፈርስና ሲታደስ ሥራቸውን ወደ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አዛውረዋል። ቤቷ ከሁለት ብስክሌት በላይ አትይዝም። እሳቸው ለረዳታቸው ልጅ «ካቴናውን አውርድ፣ ቸርኬውን አሽከርክር፣ ከመነዳሪውን አቀብለኝ» ሲሉ ስሰማ (ሰንሰለቱን፣ የጎማውን ክብ ብረትና በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘውን ቱቦ ማለታቸው ነው)፣ በምኖርበት ከተማ ከጠጋኜ ጋር የምነጋገርባቸው ቃላት አማርኛ ሆነው መምጣታቸው አስደነቀኝ፤ ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ጎሚስታውም ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸውና። መሣሪያውን ለመሰየም አንዳችን ሌላችንን ማስተርጐም አላስፈለገንም።

ችግሩ ዘይቱ ነበር። የእኔ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ሲሆን፣ በአካባቢው ልናገኝ የቻልነው የመኪና ፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ረዳቱ እሱኑ እንሙላ ሲል ሽማግሌው ከለከሉት። «የመኪናው ዘይት ውስጡ ያለውን ጎማ ያሳብጠዋል። ዛሬ ይይዝላታል፤ ነገ ቁልቁለት ላይ ይከዳታል። እኔ ይህን አላደርግም፣ ልጄ» አሉት። ትክክል ነበሩ፤ ሁለቱ ዘይቶች አይተካኩም፣ ለማዕድን ዘይት የተሠራ የጎማ ማሸጊያ በመኪና ዘይት ይበላሻል። ይህን ጠንቅቆ የማያውቅ ጠጋኝ በአውሮፓም ገጥሞኛል። በመጨረሻ ከአንድ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ላይ በሽቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ከነመያዣው ፈትተው ከእኔ ብስክሌት ጋር አስማሙት። ከገጠሙት በኋላ በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ሦስት ጊዜ እንድፈትነው አደረጉኝ፤ በሦስተኛው ስመለስ የፍሬኑን ሸራ በእጃቸው ነክተው ሙቀቱን ለኩ። አዲስ ሽቦ ስለሚለጠጥ በማግሥቱ ተመልሼ እንዳስጠብቀው አዘዙኝ፤ ስመለስ ተጨማሪ ገንዘብ አልተቀበሉም። ዕቃውን ጨምሮ የከፈልኩት 2,400 ብር ነው።

እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ለረዳታቸው ታሪክ ያስተምራል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞች እንደነበሯትና ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ እንደወጣ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ሯጮቻችንን ዓለም በሚያውቅበት አገር ብስክሌተኞቻችንን የሚያስታውስ ሰው ማግኘቴ ልቤን ነክቶታል።

የእጅ ሙያው የተሟላ ሆኖ ሳለ ዕቃው ግን አለመኖሩን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ለጎዳና ብስክሌት የሚሆን ቀጭን ከመነዳሪ ለሁለት ቀን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ሁሉ ለወፍራሙ ጎማ ነው። ጎሚስታ ጋ ያለው የአየር መንፊያም ለመኪና ቫልቭ የተሠራ በመሆኑ በቀጭኑ ቫልቭ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ሦስት ከመነዳሪ፣ አንድ ቫልቭ ማስማሚያ፣ የፍሬን ሸራና የራሱን የፍሬን ዘይት በሻንጣው ይያዝ።

ከባሕር ጠለል የመጣ አካል በአዲስ አበባ ከፍታ የሚያገኘው የአየር ግፊት ከለመደው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት በሜዳው ላይ አሳለፍኩ። ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይና ወደ ቦሌ በኮሪደር ልማቱ የተዘረጋው የብስክሌት መስመር ንጣፉ ለስላሳ ነው፤ ማለዳ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ከሊጉሪያው የሚያንስበትን ምክንያት አላየሁም። ከዚያ በኋላ እግረኛው ይሞላዋል፤ በዚህ ሰውን መውቀስ አይገባኝም፣ ከተማው እግረኛ ነውና። የሚያስቸግረው መስመሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ የሚቋረጥ መሆኑና፣ ብስክሌት የሚታሰርበት ቦታ በመድረሻው አለመኖሩ ነው። በአንድ ባንክ፣ በሁለት ካፌና በአንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ብስክሌቴን የጠበቁልኝ ዘበኞች ናቸው፤ «ይግቡ፣ አለሁ» ብሎ ዓይኑን የሚጥልልኝ ሰው ያጣሁበት ደጃፍ የለም። ጉርሻቸውን ሰጥቻለሁ፤ ሆኖም ሙሉ ሥራቸው በሌላ ነገር ላይ የሆነ ሰዎች በፈቃዳቸው የሸፈኑት ክፍተት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ጥር 10 እና 11 ብስክሌቱን ከደረጃው ሥር አላወጣሁትም። ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ በሚወርዱበት በዚያ አካባቢ መንገዱ የሕዝቡ ነው። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ከእናቴ ጋር በእግሬ ሄድኩ።

እንጦጦን የወጣሁት ጥር 14 ቀን ነው። መንገድ መሪ ያደረግሁት ሽማግሌው ያገናኙኝን አንድ ወጣት ተወዳዳሪ ሲሆን፣ ለግማሽ ቀን 1,500 ብር ተስማማን። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይን እንደ ታላቅ ወንድም ነው የሚያነሣው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን በስድስት ኪሎ አድርገን ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወጣ፣ ይህ ልጅ ከፊቴ ሳይሆን ከግራ ጎኔ ትንሽ ወደኋላ ብሎ ይነዳ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቀው ሚኒባሶቹ ተሳፋሪ ሲያዩ ድንገት ወደ ዳር ስለሚቆርጡ መሆኑን ነገረኝ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ አስቁሞ አምባሻና ሻይ አስቀረበልኝ፤ «ከዚህ በላይ መብላት አይቻልም፣ እትዬ፤ ትንፋሽ አይተርፍም» አለ። አልተሳሳተም። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ ሲጠመዘዝ ሁለት ጊዜ ወርጄ በእግሬ ገፍቻለሁ፤ ልጁም ሁለቱንም ጊዜ ምንም ሳይናገር ወርዶ አብሮኝ ገፋ። ደንበኛን የማክበር ትምህርት ያገኘው የት እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ መሪ ግን በሊጉሪያ በሦስት እጥፍ ዋጋም አላገኘሁም።

ላይ ስንደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነበርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ከደጅዋ ተሳልመን፣ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ዐረፍን። ባሕሩ በሌለበት አገር ባሕር ተሻግሮ በመምጣቱ ስሙን ያገኘ ዛፍ ነው፤ ሽታው ግን በቤቴ አጠገብ በባሕሩ ዳር ካሉት ዛፎች ሽታ ጋር አንድ ሆኖብኝ ብዙ ቆየሁ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ንጹሕ ነው፤ የሚጠጣ ነገርና መጸዳጃ በቅርብ አለ፣ የበር ጠባቂዎቹም ትሑታን ናቸው።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ልናገር። ከሚላኖ እስከ ሊጉሪያዋ ሳን ሬሞ የሚደረገው የብስክሌት ውድድር የሚወሰንበት የፖጆ ዳገት 3.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አማካይ ቁልቁለቱ 4 በመቶ አይሞላም። የእንጦጦው ከዚያ እጅግ የከረረ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ሕፃናት፣ አህዮችና ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች በዚያው አስፋልት ይጋራሉ። መሪዬ በሁለት ቦታ አስቁሞ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀኝ። የሽማግሌው ባለ ሽቦ ፍሬን እስከ ስድስት ኪሎ አንድ ጊዜም አላሳሳተኝም።

የእኅቴ ልጅ እሑድ ጠዋት በመስቀል አደባባይ ብስክሌት ተከራይታ ነበር። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ካየኋቸው ስድስት ብስክሌቶች ግን ሁለቱም ፍሬኖቹ የሚሠሩለት አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁ፤ የራስ መከላከያ ቆብም የለም። ወላጆች ልጃቸውን ከማሳፈራቸው በፊት መያዣዎቹን በእጃቸው ጨብጠው ይሞክሩ።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ብስክሌቱን የፈቱልኝና በቴሌቪዥን ካርቶን ያሸጉልኝ ሽማግሌው ናቸው። የተቆረጠውን የዘይት ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለው መለሱልኝ፤ ባለ ሽቦውን ግን ከብስክሌቱ ላይ እንዳልፈታ ነገሩኝ። በሚመጣው ዓመት ይዤ እንድመጣ ያዘዙኝን ረዳታቸው በደረሰኝ ጀርባ ጻፈልኝ፦ አንድ ሊትር የማዕድን ዘይት፣ ዘይቱን የሚሞሉበት መርፌ፣ አሥር ቀጭን ከመነዳሪ።