ከሐዋሳ ሆኜ አልማዝ በኦንላይን ገዛሁ
ለእጮኛዬ የአልማዝ ቀለበት በኦንላይን ልግዛ ስል ጓደኞቼ «አበድክ እንዴ?» አሉኝ። ፍርሃታቸው ገብቶኛል።

መጀመሪያ በቴሌግራም አንድ ሻጭ አግኝቼ ነበር። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ደግሞ ከሌላው ግማሽ። የሰርተፊኬቱን ቁጥር ላክልኝ ስለው «ወንድሜ እመነኝ፣ መጀመሪያ ብሩን አስገባ» አለኝ። እዚያው ተውኩት።

በመጨረሻ የገዛሁበት የውጭ ድረ ገጽ ግን አንጀቴን አራሰው። ድንጋዩ የተፈጥሮ ይሁን በላብራቶሪ የተሠራ በግልጽ ይጽፋል፣ የጂአይኤ ሪፖርትም አለው። ጂአይኤ አሜሪካ ውስጥ በ1931 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ አልማዝ መርምሮ ደረጃውን የሚጽፍ ተቋም ነው፤ ራሱ አልማዝ አይሸጥም፣ ለዚህ ነው ቃሉን የማምነው። የሪፖርቱን ቁጥር በራሱ በጂአይኤ ገጽ ላይ አስገባሁ፤ ካራቱ፣ ቀለሙ፣ ጥራቱ ሁሉም ሻጩ ከጻፈው ጋር ገጠመ። 0.50 ካራት ነው፣ ማለትም 0.1 ግራም። ምስር ታክላለች!

ገንዘቡን አሜሪካ ያለው ወንድሜ በክሬዲት ካርድ ከፈለልኝ፣ ምክንያቱም ዕቃው ባይመጣ በባንኩ በኩል መከራከር ይቻላል። ለእረፍት ሲመጣም ይዞልኝ መጣ። በማግስቱ ፒያሳ አንድ ወርቅ ሠሪ ጋር ሄድኩ። በአጉሊ መነጽር የድንጋዩን ጠርዝ እያዞርን በሌዘር የተጻፈችውን የሪፖርቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብናት። ያው ራሱ ነው። ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። የመመለሻ ጊዜው 30 ቀን ብቻ ነው፣ ወንድሜ ሐዋሳ ሲደርስ አልፎ ነበር። ቀለበቱ ትንሽ ጠበባት፤ እዚሁ እናሰፋዋለን።